«እኔ ይቅርብኝ» ያልን ዕለት

አሜሪካኖች ብሉ ሲሏቸው ይበላሉ። አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? «ትበላለህ?» ትሉታላችሁ፣ «አዎ፣ አመሰግናለሁ» ይልና ሳህኑን ይቀበላል። በቃ። የለመነው የለም፣ «በሞቴ» ያለው የለም። መጀመሪያ ሳይ ገርሞኝ ነበር። እንዴ፣ ይሄን ሰው እናቱ አላሳደገችውም እንዴ? አልኩ በሆዴ።

እኛ እንደዚያ አይደለንም። ሰው ቤት ሄደን ብሉ ስንባል መጀመሪያ «አይ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» እንላለን። ሆዳችን እየጮኸ። ሁለተኛ ሲሉን «ኧረ በእውነት ጠግቤያለሁ» እንላለን። ሦስተኛ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ሲሉን ነው እጃችንን የምንታጠበው። ይሄን ትምህርት ቤት አያስተምሩም። ከጡት ጋር የሚጠባ ነው።

እዚህ አገር እንደመጣሁ ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው፣ የአንድ ቤት ምድር ቤት ተከራይተን። አከራያችን ከላይ ናት። ደግ ሴት። ልጄን ሶልያናን አርግዤ ነበር። አንድ ቀን ደረጃውን ስወጣ የምትጋግረው ዶሮ ሸተተኝ። እርጉዝ ሴት ዶሮ ሲሸታት ምን እንደምትሆን የወለደ ያውቀዋል። ሴትዮዋ አየችኝና በእጇ እያሳየች «ልስጥሽ?» አለችኝ። «ኖ፣ ኖ» አልኩ። ፈገግ አለችና በሩን ዘጋችው። እኔ እዚያው ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ተመልሳ ትጠይቀኛለች ብዬ ነዋ! እናንተዬ፣ አልተመለሰችም። ባሌ ከሥራ ሲመጣ ሳለቅስ አገኘኝ። ማን ሞተ ብሎ ደነገጠ። ዶሮ ነው አልኩት።

ይሄን ሁሉ የማወራው ስለ ምግብ ላወራ ብዬ አይደለም። ስለ ሥራ ነው። በክፉ ጊዜ ሰው ስለ ማስተዳደር።

አትሳቁ። እኔም አስተዳዳሪ ነኝ። የማስተዳድረው ሦስት ሰው ቢሆንም። ወደ ኤርፖርቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሆቴል ውስጥ ላውንድሪ እሠራለሁ። አንሶላና ፎጣ እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ እናጥፋለን። እኔ ሊድ ነኝ። ሊድ ማለት አለቃ ማለት እንዳይመስላችሁ። ሊድ ማለት ከላይ ሲቆጡ የሚቆጧት፣ ከታች ሲያኮርፉ የሚያኮርፉባት ሴት ናት። ለምን እኔን እንደመረጡኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ትምህርቴ ትንሽ ነው። ረጅም ጽሑፍ ሲሰጡኝ ቤት ወስጄ ከባሌ ጋር ነው የማነበው። ብዙ ስለቆየሁ ይሆናል። ድስትም እኮ ከቆየ ምድጃው የእሱ ይመስለዋል።

የማስተዳድራቸውን ላስተዋውቃችሁ። እትዬ ሙሉ በዕድሜ የሁላችንም እናት ናቸው። ፓርክ ሂል ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። እሳቸው ያጠፉት አንሶላ ካውያ የነካው ይመስላል። ዘይነባ የመርካቶ ልጅ ናት። እሷ ስትስቅ የማድረቂያው ድምፅ አይሰማም። ትዕግስት ከሁላችንም ታናሽ ናት፣ ምላሷ ግን ታላቃችን ነው።

የሁላችንም አለቃ ብራየን ይባላል። ረጅም ነው፣ ደግ ነው፣ ሲጨንቀው አንገቱ ይቀላል።

ታዲያ ከገና በኋላ ሆቴሉ ጭር አለ። እንግዳ የለም። ማድረቂያዎቹ አፋቸውን ከፍተው ይውላሉ። እኛ አንዱን ፎጣ ሁለቴ እያጠፍን ሥራ ያለን እናስመስላለን። አንድ ቀን ብራየን ላውንድሪ ድረስ መጣ። አንገቱ ቀልቷል። ክፉ ወሬ እንደያዘ አወቅኩት።

ሚቲንግ አደረገን። ከላይ ሰዓት ቀንስ ተብያለሁ አለ። ማንንም ማባረር አልፈልግም፣ ስለዚህ ሰዓት ቢቀነስበት የሚችል ሰው ይንገረኝ፣ የማይችልም ይንገረኝ፣ አትፍሩ፣ እውነቱን ብቻ ንገሩኝ አለ። ለእትዬ ሙሉ ተረጎምኩላቸው። እንዴት ጥሩ አነጋገር ነው! ከዚህ የተሻለ ምን አለቃ ይናገራል? ችግሩ ከእኛ ነበር።

ከዚያ ዘይነባ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔ ይቅርብኝ» አለች።

«ኧረ ምን ሲደረግ!» አለች ትዕግስት። «አንቺ ከሚቀርብሽ የእኔ ይቅር።»

እትዬ ሙሉ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «እናንተ ልጆች ናችሁ፣ ገና ብዙ አለባችሁ። እኔ አሮጊቷ ይቅርብኝ» አሉ።

እኔስ? ሊድ አይደለሁ? የበታቾቼ ይሄን ሲሉ እንዴት ዝም ልበል? መሪ ማለት ፊት ፊት የሚሄድ ነው ብዬ፣ «እኔም ይቅርብኝ» አልኩ።

ገብቷችኋል አይደል? ማናችንም ከልባችን አልነበረም። ሁላችንም «በጭራሽ! አንቺማ አይደረግም!» የሚለንን ነው የምንጠብቀው። የእድር ዳኛ ቢሆን ኖሮ እኮ ነገሩን ያውቅበታል። «ኧረ ተይ አንቺ ልጅ፣ ቆይ እስኪ» እያለ፣ አንዷን ሲያስቀምጥ ሌላዋን ሲያነሳ፣ እስኪመሽ ያወራል። በመጨረሻ ማንም ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳያፍር፣ የሚችለው ከማይችለው ይለያል። ብራየን ግን የእድር ዳኛ አይደለም። እስክሪብቶ ይዟል።

እንባው በዐይኑ ግጥም አለ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ዋት ኤ ቲም!» አለ። ከዚያ አራታችንንም ጻፈ።

አርብ ዕለት የሚቀጥለው ወር ስኬጁል ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ሁላችንም በግማሽ ወርደናል። ከላይ ያሉት በጣም ደስ ብሏቸው ብራየንን አመስግነውታል አሉ። ከጠየቁት በላይ ቀንሶላቸዋላ!

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚል ተረት አለን። ይሄን ያለ ሰው የእኛን ላውንድሪ አላየም።

አሁን የእኔን ጭንቀት ልንገራችሁ። እኔ ሲፈጥረኝ ጭንቀታም ነኝ። ልጄ ስታስነጥስ እኔ ነኝ የምተኛው። ሶልያና አስም አለባት። የዴንቨር ብርድ ደግሞ ደረቅ ነው፣ ደረቷን ያፍነዋል። በአፏ የምትስበው መድኃኒት ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም፣ መታወቂያዬን ረስቼ እሱን አልረሳም። ያ መድኃኒት፣ ያ ሐኪም፣ ሁሉም የሚመጣው በእኔ ኢንሹራንስ ነው። ባሌ በራሱ መኪና ሰው እያመላለሰ ነው የሚሠራው፣ ቀጣሪ ስለሌለው ኢንሹራንስ የለውም። እኛ ሆቴል ደግሞ ሰዓት ከግማሽ ትንሽ ፈቀቅ ካላለ ኢንሹራንስ ይቆማል። ይሄን እያወቅኩ ነው «እኔም ይቅርብኝ» ያልኩት! በሙሉ አፌ!

የዚያን ዕለት ሶልያናን ሎውሪ ካለው ትምህርት ቤቷ አውጥቼ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ ለባሌ በስልክ ነገርኩት።

«ታዲያ አልችልም አትይውም ነበር?» አለኝ።

«እንዴት ብዬ?»

«በአፍሽ ነዋ!»

ወንድ ሲያወራ ሁሉ ነገር ቀላል ነው። ይሄው ባሌ አይደል እንዴ፣ የቤት ዕቃ ያግዙት የነበሩ ጓደኞቹን «ሂዱ፣ ሂዱ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ብሎ ሸኝቶ ሶፋ በር ላይ ተቀርቅሮበት ያመሸው?

ሶልያና ከኋላ ወንበር ስትሰማ ኖሯል። «ማሚ፣ ዋይ ዲድ ዩ ሴይ የስ?» አለችኝ።

«የስ አላልኩም። ይሉኝታ ነው» አልኳት።

«ዋት ኢዝ ይሉኝታ?»

ይሄን በምን እንግሊዝኛ ነው የማስረዳት? ሰዎች ምን ይሉኛል ማለት ነው አልኳት። ሰዎቹ ምን አሉሽ ታዲያ? አለችኝ በእንግሊዝኛዋ። ምንም አላሉኝም። እሱ ነው እኮ ችግሩ! የሚለኝ ሰው ጠፋ!

ሰኞ ሥራ ገባን። ማንም ስለ ስኬጁሉ አያወራም። ዘይነባ አትስቅም። እትዬ ሙሉ ጸሎት ያለ ድምፅ ያደርሳሉ። ትዕግስትና ዘይነባ ትልቁን አንሶላ ለሁለት ያጥፋሉ። ትልቅ አንሶላ ሲታጠፍ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ጫፍ ጫፉን ይዘው ይራራቃሉ፣ ከዚያ ጫፍ ለማገናኘት ፊት ለፊት ይመጣሉ። ፊት ለፊት ሲመጡ ነው ትዕግስት የፈነዳችው።

«ዘይነባ፣ አንቺ ግን ጤነኛ ነሽ?»

«ምን አደረግኩ?»

«ባልሽ ጀርባውን ኦፕራሲዮን ሆኖ ተኝቶ፣ አንቺ ብቻሽን ቤቱን ይዘሽ፣ ምን አስቀበጠሽና ነው ይቅርብኝ ያልሽው?»

«አንቺስ?» አለች ዘይነባ አንሶላውን እየጎተተች። «ከሰዓት በኋላ የነርስ ረዳት ትምህርት ልትጀምሪ ቋምጠሽ የለ? ሰዓት ቢቀነስልሽ ደስታሽ አይደል? ሰነፍ እንዳትባይ ብለሽ ትምህርቱን መደበቅሽን የማላውቅ መሰለሽ? ወላሂ አውቃለሁ!»

«እትዬ ሙሉስ!» አለች ትዕግስት ጭንቅ ሲላት። «እሳቸው ቤት ከዋሉ ከምራታቸው ጋር ሊጋደሉ አይደል?»

«ምራቴን ተያት!» አሉ እትዬ ሙሉ። «እሷ አሁን ምን አደረገችሽ?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ድስት በከደንኩ ቁጥር እየመጣች ትከፍተዋለች» አሉ። «እኔ ለእንጀራ ብዬ መሰለሽ የምመጣው? ጠዋት ጠዋት ትንሽ ሠርቼ ብመለስ ይበቃኛል። ግን በየቀኑ ልውጣ። በየቀኑ!»

አንሶላው መሬት ወድቋል። ማንም አላነሳውም።

እኔ ፎጣ እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። ገረመኝ። የሚቲንጉ ዕለት እኮ አንዳቸውም ስለ ራሳቸው አንድ ቃል መተንፈስ አልቻሉም። ዛሬ ስለ ሌላዋ ሲሆን ግን ምላሳቸው ምላጭ ነው። ለካ እኛ ለራሳችን ዲዳ፣ ለሰው ጠበቃ ነን! የብራየን ጥያቄ ጥሩ ነበር፣ የተሳሳተው ማንን መጠየቅ እንዳለበት ነው። ስለ ዘይነባ ዘይነባን ይጠይቃል? ስለ ዘይነባ ትዕግስትን ነው እንጂ!

ፎጣውን ጣልኩና ወደ ቢሮው ሄድኩ። ብራየን ቡናውን በትልቅ ስኒ ይዞ ኮምፒዩተሩ ላይ አፍጥጧል። የዘይነባን ነገርኩት። የትዕግስትን ነገርኩት። የእትዬ ሙሉንም ነገርኩት፣ ምራታቸውን ትቼ። ግራ ገባው። ታዲያ ሁላችሁም ፈቃደኛ ነን አላላችሁኝም? አለኝ። ምን ላድርግ? የዶሮዋን ታሪክ ነገርኩት። ደረጃው ላይ መቆሜን ሳይቀር።

ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ትቶ አሰበ። «ታዲያ እናንተ ኖ ስትሉ፣ እውነተኛ ኖ መሆኑን በምን ልወቅ?» አለኝ።

ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እናንተስ አስባችሁት ታውቃላችሁ? እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። በምንድን ነው የምናውቀው? እናቴ እንግዳ ስታስተናግድ ዐይኗ የት ነበር? ፊት ላይ አልነበረም። እጅ ላይ ነበር!

መዳፌን አምጥቼ የቡና ስኒውን ከደንኩት። ይሄ እውነተኛ ኖ ነው አልኩት። እጁ ሳህኑን ከከደነ፣ ጠግቧል። ከዚያ እጄን አየር ላይ አወዛወዝኩ። ይሄ ደግሞ የስ ነው፣ ገና አልጠየቅከኝም ማለት ነው አልኩት። ብራየን ስኒውን ከደነ፣ እጁን አወዛወዘ፣ እንደገና ከደነ። እንደ ሕፃን ደስ አለው።

ወዲያው ስኬጁሉን አስተካከለ። ትዕግስት ጠዋት ብቻ። እትዬ ሙሉ በየቀኑ፣ ግን አጭር አጭር። ዘይነባ እንደ ድሮዋ ሙሉ። ከሁለቱ የተረፈው ሰዓት ከላይ ለጠየቁት ሊበቃ ምንም አልቀረው። ከዚያ ቀና አለና፣ «አንቺስ ሂሩት?» አለኝ።

«አይም ጉድ» አልኩ።

ምን ነክቶኝ ነው? ጠይቁኝ እንጂ! አሁን አስተምሬው!

«አር ዩ ሹር?» አለኝ።

«ሹር፣ ሹር» አልኩ። እጄ አየር ላይ ይወዛወዛል። እዩት እንግዲህ፣ የምከድነው ስኒ ፊቴ ተቀምጦ!

ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሦስተኛውን ጠበቅኩ። ቆምኩ። ብራየን ፈገግ ብሎ «ታንክ ዩ ሂሩት» አለና ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ደረጃው ላይ ነበርኩ፣ ዶሮው እየሸተተኝ።

ተመለስኩ። ሁሉም ተስተካከለ አልኳቸው። እትዬ ሙሉ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መረቁኝ። ትዕግስት አቀፈችኝ። ዘይነባ ግን ፊት ፊቴን ታየኛለች።

«ያንቺስ?» አለችኝ።

«የእኔ ችግር የለውም።»

«ኢንሹራንሱስ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። ብራየን ያውቃል ወይ ነው ጥያቄው።»

ይሄን ብላ የማድረቂያውን በር በኃይል ዘጋችውና «ኑ!» አለች። ሦስቱም ወጡ። እኔ ከኋላ «ኧረ በማርያም! ኧረ ተዉ፣ ዘይነባዬ!» እያልኩ ተከተልኩ። የማስተዳድራቸውን ሰዎች እየለመንኩ በሆቴሉ ኮሪደር ስሮጥ እንግዶች ዞረው ያዩኝ ነበር። መሪ ፊት ፊት ይሄዳል ያልኩት የት ገባ?

ዘይነባ የብራየንን በር ሳታንኳኳ ከፈተችው።

«ብራየን! ሂሩት ላየር!» አለች።

አንገቱ ቀላ። ተነሳ። ምን ዋሸች? ምን ሰረቀች? ብሎ ይሆናል። ትዕግስት እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፣ ሁሉንም አስረዳችው፣ ስለ ልጄ፣ ስለ አስሟ፣ ሰዓቴ ከወረደ ኢንሹራንሱ እንደሚቆም። እትዬ ሙሉ እንግሊዝኛ አያውቁም፣ ግን ሳይናገሩ መቅረት አልፈለጉም። ደረታቸውን በእጃቸው ያዙና የሶልያናን አተነፋፈስ አሳዩት። ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። በጣም አስመስለው ስላሳዩት ብራየን እሳቸው የታመሙ መስሎት ውኃ ሊያመጣ ዘለለ።

ነገሩ ሲገባው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። እኔን አየኝ።

«ሂሩት» አለኝ። «ለሦስተኛ ጊዜ እየጠየቅኩሽ ነው። ሰዓቱ ያስፈልግሻል?»

አንገቴን ነቀነቅኩ። አፌ እንኳ አሁንም እምቢ አለ። ጭንቅላቴ ግን የስ አለ።

ከላይ ካሉት ጋር እንዴት እንደተደራደረ አላውቅም። የእኔ ሰዓት ኢንሹራንሱን ከሚያቆመው መስመር በላይ ቀረ። የጎደለችውን ትንሽ ከራሱ ቢሮ ወጪ እንዳሟላት ትዕግስት ነገረችኝ። ሶልያና መድኃኒቷን እየሳበች ዊንተሩን ወጣች። ብራየንን አንድ ቀን፣ ሁለተኛው ላይ ለምን ቆምክብኝ? አልኩት። ሁለቴ መጠየቅ ራሱ ለእኔ ብዙ ነበር እኮ! አለኝ።

እዚህ ጋ ታሪኩ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ምክርም ይወጣው ነበር። አለቃ ሆይ፣ ሦስቴ ጠይቅ፣ እጅ እይ፣ ስለ ሰውዬው ጓደኛውን ጠይቅ ብዬ እጨርስ ነበር። ግን ብራየን ትምህርቱን ከመጠን በላይ ወደደው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የማናጀሮች ሚቲንግ ነበራቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴል ተገኝቶ የሚሠራ አለቃ ጠፍቷል፣ ማን ይሸፍን? ተባለ። ብራየን እኛን አስታወሰ። ያ «እኔ ይቅርብኝ» ያልንበት ቀን ልቡን ነክቶት የለ? ደረቱን ነፋና «እኔ ልሸፍን» አለ። ከዚያ ጓደኞቹ «በጭራሽ ብራየን! አንተማ አይደረግም!» እስኪሉት ጠበቀ።

አጨበጨቡለት።

ይኸው አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ ጋር አንሶላ ያጥፋል። እሱ ያጠፈውን እትዬ ሙሉ ዞር ሲል ጠብቀው እንደገና ያጥፉታል። «ሂሩት፣ ማንም ሁለተኛ አልጠየቀኝም!» ይለኛል በየሳምንቱ። ትዕግስት ደግሞ፣ ይሄ እኮ ሀበሻ መሃል ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሳትጠይቀን ለምን ሞከርከው? ትለዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ዘይነባ ሳምቡሳ አመጣች። የምስር ነው፣ እኛም በጾማችን እንድንበላው ብላ። ብራየንን ና ብላ አልነው።

«ኖ፣ ታንክ ዩ» አለ።

እንዴ! የመጀመሪያውን እምቢ አለ! ተያየን። ዘይነባ ደገመችው። «ሪሊ፣ አይም ፉል» አለ። እጁ አየር ላይ ይወዛወዛል። ሳህኑን አልከደነም። እትዬ ሙሉ ልባቸው ተነካ። «ና ብላ ልጄ፣ በሞቴ!» አሉት በአማርኛ። ገባው። ቁጭ አለና፣ እናንተዬ፣ እንዴት በላ! ከቁርስ ጀምሮ የራበው ነው የሚመስለው።

ሳህኑ ላይ አንድ ሳምቡሳ ቀረ። ብራየን አየው። ከዚያ ወደ እኔ አስጠጋው።

«ሂሩት፣ አንቺስ?»

«በልቻለሁ» አልኩት።

ፊቴን አላየም። ዝቅ ብሎ እጄን አየ።

ቶሎ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።